የፕሮግራም ቅጂዎችና የዲስክ ቦታ

አንድ ተመራማሪ የስሌት ፕሮግራሙን አራት ቅርንጫፎች ጎን ለጎን ለማነጻጸር ሲፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ማከማቻ አራት ጊዜ ከሰርቨር ይገለብጣል። ዲስኩ ሲሞላ ደግሞ እጁን ወደ ቆዩ ፋይሎች ይሰዳል፤ አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው የለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም፣ ጊት፣ በእያንዳንዱ ሙሉ ቅጂ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ያስቀምጣል፦ የምንሠራባቸውን ፋይሎችና ከመጀመሪያው ዕለት አንሥቶ የተመዘገበውን የለውጥ ታሪክ። ታሪኩ 900፣ ፋይሎቹ 300 ሜጋባይት ናቸው እንበል። አራቱ ቅጂዎች 4 × 1200 = 4800 ሜጋባይት ይይዛሉ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚገኘው «ወርክትሪ» የተሰኘ ትእዛዝ ግን አራቱ የሥራ ማውጫዎች አንዱን ታሪክ እንዲጋሩ ያደርጋል፤ ድምሩም 900 + 4 × 300 = 2100 ሜጋባይት ይሆናል።

ሌላው መንገድ የቅርቡን ታሪክ ብቻ መገልበጥ ነው፤ ይህ ግን የቀድሞ ውጤትን መመርመር ለሚሻ አይበጅም።

የተደበቀውን የታሪክ ማውጫ በእጅ መሰረዝ ግን ቦታ ማትረፍ አይደለም። ወደ ሰርቨር ያልተላከ ለውጥ ካለ አብሮ ይጠፋል፤ የታተመው ውጤት ከየትኛው ፕሮግራም እንደ ተገኘ የሚመሰክር ማስረጃም አይቀርም። ስለሆነም ከመሰረዝ በፊት ለውጡ ሁሉ መላኩን ማረጋገጥ ይገባል።