በካርድ ወይስ በቢል?

(ጋሼ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠያቂዋ የሚከራይ ቤት የምትፈልግ የጎረቤት ልጅ ናት።)

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ሁለት ቤት አይቼ መምረጥ አቃተኝ። ኪራያቸው እኩል ነው። አንዱ የራሱ ካርድ ቆጣሪ አለው፣ ሌላው በየወሩ ቢል ይመጣለታል። ሰው ሁሉ ካርዱ ይረክሳል ይለኛል።

ጋሼ፦ የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ በካርድም በቢልም ያው ነው፣ ልጄ። ካርድ የያዘ ሰው የሚቀንስለት ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኑ እያየ ስለሚቆጥብ ነው። የቢል ደንበኛ የፈጀውን የሚያውቀው ከፈጀው በኋላ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ገንዘብ ባጣሁ ቀን ምን ይደርስብኛል ብዬ ነው።

ጠያቂ፦ ምን ይደርስብኛል?

ጋሼ፦ ቢል ከሆነ መብራቱ በዚያው ቀን አይጠፋም። የመክፈያ ቀን አለው፣ ካለፈ ቅጣት ይመጣል፣ እስከዚያው ተበድረሽም ቢሆን ትደርሻለሽ። ካርድ ግን ሂሳቡ ሲያልቅ ቀጥ ይላል። ሌሊት ይሁን በዓል አይጠይቅም፣ ልትሞዪ ስትሄጂ «ሲስተም የለም» ከተባልሽም ጨለማ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። በዕዳ የተቆረጠበት ሰው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የሚሞላ አጥታ በጨለማ ያደረች እናት ግን የትም አትመዘገብም።

ጠያቂ፦ ይህን የሚያስብ አገር አለ?

ጋሼ፦ እንግሊዞች ከብዙ ጩኸት በኋላ አስበውበታል። መብራት አቅራቢ ድርጅቶቻቸው ዕዳ ያለበትን ሰው ቤት በፍርድ ቤት ፈቃድ እየገቡ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በግድ ይገጥሙ ነበር። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ተቆጣጣሪያቸው ኦፍጌም እንዲያቆሙ ጠየቃቸው። በዚያው ዓመት በወጣው ደንብ ደጋፊ የሌላቸው ከ75 ዓመት በላይ አረጋውያንና ከ2 ዓመት በታች ሕፃን ያለባቸው ቤቶች በግድ እንዳይገጠምባቸው ተከለከለ። ለመሆኑ አንቺ ጋ ማን ይኖራል?

ጠያቂ፦ እናቴ። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊኗ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ጋሼ፦ እንዲህ ከሆነ በቢሉ ቤት በኩል ላዘነብል ነው። ግን ቆይ፣ ቆጣሪው ለብቻሽ ነው?

ጠያቂ፦ አይደለም። ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ፣ ቢሉን በቤት ይካፈላሉ።

ጋሼ፦ እሱ ነው የማልወደው! የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሁሉ ይረክሳል፣ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ይወደዳል፣ ከ500 በላይ የመጨረሻው ነው። አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ 80 ቢፈጅ ለየብቻ ሁሉም ሁለተኛው እርከን ላይ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመር 320 ይሆንና አምስተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። ድሆች ተጠጋግተው በመኖራቸው የሀብታም ዋጋ ይከፍላሉ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ከዓመት ዓመት ልዩነቱ ይሰማሻል።

ጠያቂ፦ እኩል መካፈሉስ ፍትሐዊ አይደለም?

ጋሼ፦ ማን ይጋግራል? የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት ብታበሪ ይህን ለመጨረስ 140 ምሽት ይፈጅብሻል። በሳምንት አንዴ የሚጋግር ቤት በወር 28 ለምጣዱ ብቻ ያወጣል። እንጀራ ገዝታ የምትበላ ተከራይ የጎረቤቷን ምጣድ ትከፍላለች ማለት ነው። አከራዩን ለየቤቱ ቀናሽ ቆጣሪ ያስገቡ እንደሆነ ጠይቂያቸው። እሱ የእርከኑን ነገር አይፈታውም፣ ጭቅጭቁን ግን ያበርዳል።

ጠያቂ፦ እምቢ ካሉኝ?

ጋሼ፦ ካርዱን ያዢ። ደመወዝሽ ወርኃዊ ነው፣ በወጣበት ቀን ከኪራዩ ቀጥሎ ካርዱን ሙዪ። የአንድ ሳምንት ያህል ሁልጊዜ ትርፍ ይኑርበት፤ ያ ሳምንት የእናትሽ ነው፣ አትንኪው። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ከዋዜማው በፊት ጨርሺ። የዕለት ገቢ ያለው ሰውም በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሞላ ካርድ ይስማማዋል፤ ገቢው መቼ እንደሚመጣ የማያውቀውን ግን እፈራለታለሁ።

ጠያቂ፦ ውል ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

ጋሼ፦ የቀድሞው ተከራይ የተወው ዕዳ እንደሌለ አረጋግጪ፣ የቆጣሪውንም ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ፊቱ ላይ የምትጠቅሰዋን ቀይ መብራት ተመልከቺ። አጠገቧ 1600 የሚል ካለ፣ 1600 ጊዜ ስትጠቅስ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ምጣድ ሲሰካ በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ትጠቅሳለች። አንቺ ግን ሶኬቱን ሁሉ ንቀዪ፣ አምፖሉን ሁሉ አጥፊና ሩብ ሰዓት ቁሚ። መጥቀሷን ካላቆመች ወይ መስመሩ ያፈሳል ወይ ሌላ ቤት ተቀጥሎበታል። ኤሌክትሪሺያን አይቶ እስኪለየው ድረስ እንዳትፈርሚ።