ኪንግ ኮብራ ለብቻው የሚኖረው ለምንድን ነው?

ዛሬ በሳይንስ አምድ ይዤላችሁ የቀረብኩት ሰዎች በሳጥን ውስጥ ስለሚያኖሯቸው መርዛማ እባቦች ነው። አንዳንድ የክፍላችን ልጆች «እባብና እባብ ዘመድ ስለሆኑ አብረው ቢዘጋባቸው ምንም አይሆኑም» ይላሉ። እስቲ እንየው።

ኪንግ ኮብራ በህንድ፣ በታይላንድና በአካባቢው አገሮች ይገኛል። ከመርዛማ እባቦች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ከ5 ሜትር በላይ የሚደርስ አለ፤ ከክፍላችን ሰሌዳ ይበልጣል ማለት ነው። ዋናው ምግቡ ምን ይመስላችኋል? እባብ! በሳይንስ ኦፊዮፋገስ ይባላል፤ ትርጉሙም «እባብ በሊታ» ነው። የራሱን ዓይነት እንኳ አይምርም።

መጣላትና መበላላት ግን ይለያያሉ። በመራቢያ ወቅት ሁለት ወንዶች ሲገናኙ እንደ ገመድ ይጠመጠሙና አንዱ የሌላውን ራስ መሬት ለማስነካት ይታገላል። ብዙውን ጊዜ አይነካከሱም፤ የተሸነፈው ትቶ ይሄዳል። ይሄ ጫካ ውስጥ ነው። ሳጥን ውስጥ ግን ወዴት ይሂድ? እኔን ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

ሌላው ችግር ምግብ ሲሰጣቸው የሚመጣው ነው፤ ይህ በሌሎች እባቦችም ይደርሳል። እባብ በምላሱ የአየሩን ሽታ ሰብስቦ አፉ ጣሪያ ላይ ወዳለው ማሽተቻ ይወስዳል። አንድ አይጥ ለሁለት ከተጣለ አንዱ በራሷ፣ ሌላው በጭራዋ በኩል ይይዛታል። ጥርሳቸው ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ የያዙትን መልቀቅ ይከብዳቸዋል። አፍ ለአፍ ሲገናኙ ትልቁ መዋጡን ስለማያቆም ትንሹን ከነአይጧ ሊውጠው ይችላል። ተናዶ እኮ አይደለም! አይጥ አይጥ ስለሸተተው ነው።

ጉዳቱ ለሰውም ይተርፋል። በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ እ.ኤ.አ. በ1923 የተከፈተ የእባብ ማርቢያ አለ። የእባቦቹን መርዝ ያወጡና በጣም ትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ፈረስ ይወጉበታል። የፈረሱ ሰውነት መርዙን የሚከላከል ነገር ሲሠራ፣ ከደሙ በእባብ ለተነደፈ ሰው መድኃኒት ይዘጋጃል። እባቡ በጓደኛው ከተበላ መርዙ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ጠባቂዎች እያንዳንዱን ለብቻው ያኖራሉ፣ ለብቻውም ይመግባሉ። ኪንግ ኮብራው አይጥ አልበላም ካለ አይጧን በእባብ ቆዳ ያሹለታል፤ እባብ መስላው ይውጣታል! የሚሰጡትም በረጅም መቆንጠጫ ነው፤ አይጥ የነካ እጅም አይጥ አይጥ ይሸታላ።