ያገለገለ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የናፍጣ ፒካፕ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ዘር የሚያባዙ የገበሬዎች ማኅበራት ገንዘብ አጠራቅመው ያገለገለ ፒካፕ ለመግዛት ሲነሡ፣ እኛን የምርምር ሠራተኞችን «እስቲ አብራችሁ እዩልን» ማለታቸው የተለመደ ነው። መካኒኮች አይደለንም። ይሁን እንጂ የሙከራ ማሳዎቻችን ከአስፋልት የራቁ ስለሆኑ በእነዚሁ መኪኖች ስንመላለስ ቆይተናል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ግን የራሳችን ስሕተት ነው።

በ2011 ዓ.ም. አንድ ማኅበር ሊገዛ ያሰበውን ፒካፕ እንድናይለት ጠየቀን። ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ስንደርስም ሞተሩ ተነሥቶ ጠበቀን። የፊቱን ዲፈረንሻል የሚያስገባውን ማርሽ ብንስበው ገባ፤ መብራቱም በራ፤ እኛም «ይሠራል» ብለን መሰከርን። በሐምሌ ወር 8 ኩንታል የስንዴ ዘር ጭኖ የራሰ ጥቁር አፈር ላይ ሲደርስ የሚሽከረከሩት የኋላ ጎማዎች ብቻ ሆኑ። ለካ በፊት ጎማዎቹ መቆለፊያ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ተበልተው አልቀው ኖሯል። ዘሩ በአህያ ተጓጉዞ ማሳው ዘንድ የደረሰው ከ9 ቀን በኋላ ነበር፤ አባላቱም ለጥገናው እንደገና ገንዘብ አዋጡ። መብራቱ የሚያመለክተው የማርሹን መግባት ብቻ እንጂ ኀይሉ ጎማው ድረስ መድረሱን አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

ከዚያ ወዲህ የፊቱን ዲፈረንሻል የምንመረምረው እንደሚከተለው ነው። መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ የኋላ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በትልልቅ ድንጋይ ይታገዳሉ፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካምቢዮው ፎሌ ላይ ይደረጋል። ከዚያም አንድ የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ ከመሬት ይነሣል። ማንም ሰው ከመኪናው ሥር መግባት የለበትም፤ የሚታየውን ሁሉ ከጎን ጎንበስ ብሎ ማየት ይቻላል። የሁለቱም ጎማዎች መቆለፊያ ተቆልፎ፣ የፊቱ ማርሽ ግን ሳይገባ፣ የተነሣው ጎማ በእጅ ሲዞር ከካምቢዮው ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ አብሮት መዞር አለበት። ቀጥሎ የፊቱ ማርሽ ይገባል፤ እንቢ ካለ ጎማውን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይረዳል። አሁን ጎማው ከጥቂት መወዛወዝ በቀር መዞር የለበትም፤ ዘንጉ በማርሹ በኩል ከኋላ ጎማዎች ጋር ተያይዟልና። እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ ከሁለቱ መቆለፊያዎች፣ ከዲፈረንሻሉ ወይም ከማርሹ አንዱ ከጥቅም ውጭ ነው። በእጅ የሚዞር መቆለፊያ የሌላቸውን መኪኖች ግን መካኒክ ቢያያቸው ይሻላል።

ከዚህ በኋላ መኪናው በከባዱ ማርሽ ዳገት ይውጣ፤ ማርሹ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ ውስጡ አልቋል። ይህ የሚሞከረው በአፈር መንገድ ነው። ሁለቱ ዲፈረንሻሎች ገብተው ደረቅ አስፋልት ላይ መታጠፍ ደህናውን መኪና ይጎዳል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ እኩል መንገድ አይሄዱምና።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ ሞተር መታየት ያለበት ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሻጩ መኪናውን እንዳያስነሣ አስቀድሞ ይነገረው፤ ገዥው ማለዳ ይድረስና ኮፈኖውን ከፍቶ ሞተሩን በእጁ ይዳስስ። ሞቆ ከተገኘ ሌላ ቀን መመለስ ነው፤ ምክንያቱም ለመነሣት የሚያስቸግር ሞተር ችግሩ የሚታየው በብርድ ነው። የራዲያተሩ ክዳንም የሚከፈተው በዚሁ ጊዜ ነው፤ በሞቀ ሞተር ላይ መክፈት ፊት ያቃጥላል። ውሃው ላይ ዘይት ከሰፈፈ ወይም ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበላሽቷል ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር መጥቆሩ ብቻ ነውር አይደለም። ይልቁንም በዚያው ሰሞን የተለወጠ ንጹሕ ዘይት ለምን እንደ ተለወጠ ቢጠየቅ ይሻላል።

ሞተሩ ሲነሣ ነጭ ጭስ አሳይቶ ወዲያው ቢጠራ በብርድ ያለ ነው፤ ሞቆም የማይተወው ከሆነ ግን ሕመም አለበት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ስለ ጥቁር ጭስ ግን መቸኮል አያስፈልግም። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የሃይሉክስ 3ኤል (2.8 ሊትር) እና 5ኤል (3.0 ሊትር) ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ቱርቦ የላቸውም። ስለዚህ እንደ ሆለታ ባለ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ጥቂት ቢያጨሱ አያስደንቅም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያው ክዳን ተፈትቶ ባለበት ይቀመጥ፤ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፤ ትንፋሹ ገፍቶ ከጣለው ግን ፋሻዎቹ አልቀዋል፤ ዋጋውም ሞተር እንደሚወርድ ታስቦ ሊነገር ይገባል። ኮመን ሬይል የሚባለው አሠራር ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ጉልበታቸው ጥሩ ነው፤ ይሁንና ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ፈጽሞ አይችሉም፤ ናፍጣ በበርሜል ለሚቀዳበት ገጠር እኛ አሮጌዎቹን እንመርጣለን።

ሻንሲው በፋኖስ ባትሪ ይታይ። ስንጥቅ የሚበዛው ባሌስትራው በተያያዘባቸውና መሪው በታሰረባቸው ቦታዎች ነው። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ ካትራሜ ወይም አዲስ ቀለም ካለ መፋቅ ነው፤ ሥሩ ብየዳ ሊኖር ይችላል።

በመጨረሻ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ሌላ ሰው ስለማይዞር፣ ይህና እግድ አለመኖሩ ሊብሬውን በሰጠው መሥሪያ ቤት ሳይጣራ ቀብድ አይከፈል።

ከተገዛ በኋላ መጀመሪያ የሚለወጠው የሞተሩ ታይሚንግ ቺንጊያ ነው። በ3ኤልና በ5ኤል ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይለወጣል፤ መቼ እንደ ተለወጠ በጽሑፍ ማስረጃ ከሌለ የሻጩ ቃል አይበቃም። ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫሉና፣ መኪናው ጭነት ከመጀመሩ በፊት ይለወጥ።