አብሽር፣ ቋንቋው ያንተም ነው

«ቋንቋ የሚችል ሰው» ሲባል በዓይነ ኅሊናህ የሚመጣው ማን ነው? የብዙዎቻችን መልስ ስልካችን ላይ ያየነው ፈረንጅ ነው፤ ገበያ መሀል ቆሞ በቻይንኛ ዋጋ ሲከራከር ሻጮቹ አፋቸውን ይዘው የሚገረሙለት። «ምን ዓይነት ጭንቅላት ቢሰጠው ነው!» እንላለን። ማድነቁ ጥሩ ነው። ግን ስልኩን አስቀምጥና ቀና በል፤ ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከደሴ የሚመጣው አውቶብስ ሲቆም እየሮጠ ውሃ የሚሸጠውን ልጅ እየው። ተሳፋሪውን በአማርኛ ያግባባል፤ ዞር ብሎ ከአርጡማ ለገበያ ከመጣችው እናት ጋር በአፋን ኦሮሞ ይጫወታል፤ ማለዳ ቁርአን ቤት በአረብኛ ሲቀራ አርፍዷል፤ ማታ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይጠብቀዋል። ማንም አያጨበጭብለትም። እሱም ራሱን ቋንቋ ከሚችሉ ሰዎች ወገን አይቆጥርም።

እኔ እቆጥረዋለሁ። አንተም ራስህን እንድትቆጥር እፈልጋለሁ። ቋንቋ ለመማር መጀመሪያ ሌላ ሰው መሆን አያስፈልግህም፤ መልክህን፣ ስምህን፣ የአፍህን ለዛ ይዘህ መግባት ትችላለህ። ይህን ከልብህ የተቀበልክ ቀን ትምህርቱ ግማሽ ያህል ይቀልልሃል፤ ጉልበትህን «እኔ ለዚህ የተፈጠርኩ አይደለሁም» ከሚል ሐሳብ ጋር በመታገል አትጨርሰውምና።

እስቲ የተወለድክበትን አካባቢ እንመልከት። ከሚሴ የምትገኝበት፣ በአማራ ክልል ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። ምሥራቁ አፋር ነው፣ ደቡቡ ሰሜን ሸዋ፣ ሰሜኑ ወሎ። ባቲ ሰኞ ገበያ ስትቆም አፋሩ ግመሉን እየነዳ ይመጣል፣ ኦሮሞው ይመጣል፣ አማራው ይመጣል። ሰንበቴ ደግሞ እሑድ እሑድ አርጎባው ይጨመርበታል። እዚያ አንድ ቋንቋ ብቻ የያዘ ነጋዴ ትርፉን ለደላላ ያካፍላል፤ ሁለት የያዘ ሙሉውን ይዞ ይገባል። ይህን ያስተማረህ ሥልጠና አይደለም፤ አያትህ በገበያ የኖሩት ኑሮ ነው።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ ጠጋ ብለን እንየው፤ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ እዚያ የሚሆነው ነው። በዞኑ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚጀምሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። አማርኛን በፊደላችን ከሀ እስከ ፐ ይለምዳሉ። መድረሳ ሲገቡ ከቀኝ ወደ ግራ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ይላሉ። ልጅነታቸውን ሳይጨርሱ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ! ከዚያ እንግሊዝኛ የቁቤውን የላቲን ፊደል ይዞ፣ ድምፁን ግን ለዋውጦ ይመጣል። በቁቤ ኤክስ የምትነበበው «ጥ» ተብላ ነው፣ ሲ «ጭ» ናት፣ ኪው ደግሞ «ቅ»። እንግሊዝኛ ላይ ኤክስ «ክስ» ትሆናለች፤ ሲ አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» እያለች ታስቸግራለች። ስለዚህ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛ ሲያነብ ሲ ላይ ደርሶ ለአፍታ ቢቆም፣ እባክህ «ሰነፍ» አትበለው። በጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት ሥርዓት አስቀምጦ የትኛውን እንደሚጠቀም እየመረጠ ነው። ብዙ የዓለም ልጆች በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ሥራ አይሠሩም። አንተ ሠርተህ አልፈሃል፤ ዘጠነኛ ክፍል ደርሰህ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ሲመጣብህ የተንገዳገድከው አእምሮህ ጎድሎ አይደለም፤ አራተኛ ቋንቋህ ላይ ሳይንስ ተጭኖብህ ነው። ያንን የተሸከመ ትከሻ ሌላም ይሸከማል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ እህቴ፤ ከሳዑዲ የተመለስሽው።

ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከጨፋ ሮቢት ስንት ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር እንደሄደች ሁላችንም በየቤታችን እናውቃለን። አንድ ቀን እንኳ የቋንቋ ክፍል አልገባሽም። መጀመሪያ የደረሱሽ ቃላት ትእዛዝ ነበሩ፤ «ታዓሊ»፣ «ጂቢ»፣ «ሱርዓ»። ስምሽ ለአፋቸው አልመች ብሏቸው በሌላ ስም ጠርተውሽ ይሆናል። ከዓመት በኋላ ግን በዚያው ቋንቋ ደመወዝሽን ጠየቅሽ፣ ትኩሳት የያዘውን የሰው ልጅ ለሐኪም አስረዳሽ፣ ከሌላ አገር ከመጣች ሠራተኛ ጋር ተረዳዳሽ፣ በስልክ ከመሥሪያ ቤት ሰው ጋር ተከራከርሽ። ዛሬ «አረብኛ ትችያለሽ?» ስትባዪ ምን ትመልሻለሽ? «ኧረ እሱ ቋንቋ አይደለም፣ ሰው ቤት የለቀምኩት ነው» ትያለሽ። ይህ መልስ ያሳዝነኛል። በየዩኒቨርሲቲው ዓመታት ቆጥረው፣ የቃላት ዝርዝር ሸምድደው፣ አንድ ሰዓት ያለ ፍርሃት ለማውራት የሚመኙ ሰዎች አሉ። አንቺ ያንን በእንባሽና በላብሽ ገዝተሽዋል። በዚያ ቤት የተጫነብሽን ስም እዚያው ተይው፤ ቋንቋው ግን የራስሽ ሀብት ነው፣ ይዘሽው ግቢ።

የሚጎድልሽ ማንበብና መጻፉ ነው፤ እሱም ቢሆን ከባዶ አትጀምሪም፤ ልጅ ሳለሽ ቁርአን ቤት የቀራሽው ፊደል አለሽ። የምትናገሪውን ቃል ከምታውቂው ፊደል ጋር ማገናኘት ብቻ ነው የቀረሽ። በቀን አሥር ቃል፣ የምትናገሪውን ራሱን፣ በእጅሽ ጻፊ፤ መድረሳ ያለ ወንድምሽ ያርምልሽ። ከዚያ ሥራ ፈልጊበት። ወደ ውጭ ሊሄዱ ለተዘጋጁ ልጆች ሕጉ የሚጠይቀው የቅድመ ጉዞ ሥልጠና አለ፤ እዚያ ቆሞ «ሐኪም ቤት ብትደርሺ እንዲህ በዪ፣ ደመወዝ ሲቀርብሽ እንዲህ ጠይቂ» ለማለት ካንቺ የተሻለ ማን አለ?

«ግን አፌ ይሰበራል፤ ስሳሳት ይስቁብኛል» የምትሉኝ አላችሁ። ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለው ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ አስፈራርቶናል። ተረቱ ሰውን ለሚያቆስል ንግግር የተባለ ነው እንጂ ለሰዋስው ስህተት አይደለም። የሰዋስው ስህተት ሲታረም ይድናል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ትልቅ ሰው ያወጣል።

የወሎ ደረሳ ነህውን፣ ማለትም የአረብኛ ሰዋስውን፣ ሲጀምር የሚቀራው አጅሩሚያን ነው። ያችን ትንሽ ኪታብ የጻፉት ኢብን አጁሩም የፌዝ ከተማ ሰው፣ በትውልዳቸው አማዚግ ነበሩ፤ የትውልድ ሕዝባቸው ቋንቋ አረብኛ አልነበረም። ከእሳቸው አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብለህ ሂድ፤ የአረብኛን ሰዋስው ከሁሉ በፊት በሙሉ መጽሐፍ ያሰፈሩት ሲበወይህ የፋርስ ተወላጅ ናቸው። ታሪካቸው እንዲህ ይተረካል። በበስራ ከተማ ሐዲስ ሲማሩ አንድ ቃል ላይ ይሳሳታሉ፤ መምህሩ ሐማድ ኢብን ሰለማ በተማሪው ፊት ያርሟቸዋል። ወጣቱ ያኔ ማንም ስህተት ሊያገኝብኝ የማይችልበትን ዕውቀት እሻለሁ ብሎ ወደ ሰዋስው ዞረ፤ በታላቁ ሊቅ በኸሊል ኢብን አሕመድ እግር ሥር ተቀመጠ። የጻፈው መጽሐፍ «አል ኪታብ» ተባለ። ዓረቦቹ ራሳቸው ከሺህ ዓመት በላይ ቋንቋቸውን ሲያጠኑ ወደዚያ የፋርስ ልጅ መጽሐፍ ይመለሳሉ።

አየህ? ከውጭ የመጣ ሰው ባለቤቱ የለመደውን ነገር በአዲስ ዓይን ያያል። ተወላጁ «እንዲሁ ነው የምንለው» ብሎ የሚያልፈውን ተማሪው «ለምን?» ይላል። ያ ጥያቄ የእንግዳ ድክመት ሳይሆን የእንግዳ ሥልጣን ነው። የወሎ ሊቃውንት በአማርኛም በኦሮምኛም እየፈቱ ለደረሳው ሲያቀሩ፣ መንዙማው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአረብኛ ሲደረደር፣ ሊቁ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በአረብኛ ፊደል ሲጽፉ፣ የወሎ ሰው አዲስ ቋንቋን ፈርቶ አያውቅም። ቋንቋ ሲመጣለት ሙያውን ጨምሮበት ነው የተቀበለው።

ሌላው የምነግርህ ነገር በአዲሱ ቋንቋ ውስጥ ራስህን ስለማስገባት ነው። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ለንደን ባቡር፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ልደት ኬክ ነው። ይህን ሁሉ ተምረህ ስታበቃ አንድ እንግዳ «ከየት ነህ? አገርህ ምን ይመስላል?» ሲልህ አፍህ ይያዛል። ቋንቋው ውስጥ የሌለኸው አንተ ነህና። ስለዚህ ደብተርህን አውጣና ስለ ጨፋ ረግረግ ጻፍ። ቦርከና ወንዝ ረግረጉን ሲያጠጣው፣ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ሲሰባሰቡ፣ ግጦሹን እንዴት እንደሚጋሩ። በአምስት ዓረፍተ ነገር ጀምር። ይህን ከኦክስፎርድ የመጣ መጽሐፍ አይነግርህም፤ አንተ ግን ለኦክስፎርድ ሰው ልትነግረው ትችላለህ። ያኔ የምትናገረው የተዋስከውን ሳይሆን የራስህን ነው፤ ድምፅህም ይለወጣል።

አስቴር ጋኖን አስታውስ። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ ባሕር ስትሻገር በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከብ ደርሶ ነፃ አወጣት፤ ከዚያ ኤርትራ ውስጥ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገች። ባዕድ አገር፣ ባዕድ መምህራን፣ ባዕድ መጻሕፍት። እሷ ግን ከቤቷ ይዛ የወጣችውን ወደ አምስት መቶ የሚሆን የኦሮሞ ተረት፣ ዘፈንና ታሪክ ከትዝታዋ አውጥታ በወረቀት አሰፈረች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ከአገራቸው በልጅነት ተወስደው ስለነበር የአፋን ኦሮሞ ሥራቸው የእሷን አፍ ይፈልግ ነበር፤ ከሥራዋ የተወሰደው በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በ1899 እ.ኤ.አ. በአፋን ኦሮሞ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም ያለ እሷ ድካም አልተጠናቀቀም። የተማረችው ባዕድ ቋንቋና ፊደል የእናቷን ቋንቋ አልቀማትም፤ ማስቀመጫ ሆናት።

ከሌላ ቦታ ተመድባችሁ ወደ ከሚሴ ለመጣችሁ መምህራን፣ ነርሶችና የባንክ ሠራተኞችም አንድ ቃል አለኝ። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከሶማሊኛ፣ ከአፋርኛና ከትግርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያው የደረሰውን ግጭት ያየ ሁሉ ቋንቋ መጠራጠሪያ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በሽተኛዋን እናት የት እንደሚያማት በቋንቋዋ የጠየቀ ነርስ ግን ያንን ጥርጣሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። ቋንቋውን መማር ማንነታችሁን አያጎድልባችሁም። ሲሳሳቱ ማረም የሚወድ፣ አራሚውም የማያሳፍር ሕዝብ መሀል ናችሁ፤ ዕድሉን ተጠቀሙበት።

አንተ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ ሥራ ስታመለክት «የሚችሏቸው ቋንቋዎች» የሚል ቦታ ታገኛለህ። ብዙ የአካባቢያችን ልጆች አዲስ አበባ ሲደርሱ እዚያ ላይ «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብለው ይዘጉታል። አትዝጋው። አፋን ኦሮሞን አስቀድመህ ጻፍ። አረብኛ የምታነብም ከሆነ እሱን ጨምር፤ የምትናገረውን ያህል፣ የምታነበውን ያህል በሐቅ ለይተህ አስቀምጥ። ባቲ ገበያ የለቀምካት አፋርኛ ካለችም አትደብቃት። ከዚያ በታች አንድ ባዶ መስመር ተውና የሚቀጥለውን ቋንቋ ዛሬውኑ ጀምር፤ አብሽር።