የቅድመ አያቴን ታሪክ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ ያረፉት ከጣሊያን ወረራ በኋላ አዲስ አበባ ነው፤ የተቀበሩትም በቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚህና ከስማቸው በቀር የማውቀው የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቤተሰቡ አረጋውያን ይጀምሩ። ዘር ሲቆጥሩ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ የቅድመ አያትዎንም የክርስትና ስም ይጠይቁ። ፍትሐትና ተዝካር በዚያ ስም ስለሚደረግ ደብሩ ሲሄዱ ይጠቅምዎታል። የመቃብሩን ጽሑፍ በጠዋት ወይም በማታ ፎቶ ያንሱ፤ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው የደበዘዘ ፊደል ይነበባል። የእድር መዝገብ ካለም ይፈልጉ። ከዚያ ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ሄደው ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ያገላብጡ፤ የሐዘን ማስታወቂያ የልጆችንና የዘመዶችን ስም ሊሰጥዎ ይችላል። ያገኙት ዓመት በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደሆነ ይለዩ፤ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። መዝገቡ ሊቆይ ይችላል፤ ለአረጋውያኑ ግን ዛሬውኑ ይደውሉ።