የአማርኛ ንግግር ቅጂዎችን የናሙና ፍጥነት ለመለወጥ የሚያገለግል ስልት አመራረጥ

ለንግግር ማወቂያ ጥናት የሚሰበሰቡ የአማርኛ ቅጂዎች ከተለያዩ ምንጮች ይመጣሉ። የስቱዲዮ ቅጂ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 48,000 ናሙናዎች፣ የሙዚቃ ሲዲ 44,100፣ የመደበኛ ስልክ ንግግር ደግሞ 8,000 ናሙናዎች ይይዛል። በዘርፉ የተለመደው ፍጥነት 16,000 ስለሆነ ሁሉም ወደዚህ ይለወጣሉ። ለውጡ በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚፈጸም በመሆኑ በጥናት ዘገባዎች ውስጥ የሚሰጠው ቦታ አነስተኛ ነው። ይሁንና የተሳሳተ ምርጫ የሚያደርሰው ጉዳት በኋላ አይታረምም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስልቱ በምን መመዘኛ ሊመረጥ እንደሚገባ ማሳየት ነው።

የድግግሞሽ መታጠፍ

በሰከንድ 16,000 ናሙናዎች ሊወከል የሚችለው የድግግሞሽ ጣሪያ፣ ማለትም የናይኲስት ወሰን፣ 8,000 ሄርዝ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ኃይል አስቀድሞ ካልተወገደ ወደ ታች ይታጠፋል፤ የ10,000 ሄርዝ ድምፅ በ6,000 ሄርዝ ላይ ይገኛል። እንደ ሰ እና ጸ ያሉ ተነባቢዎች ከ8,000 ሄርዝ በላይ የሚዘልቅ ኃይል ስላላቸው ጉዳዩ አማርኛን በቀጥታ ይነካል። የታጠፈው ኃይል እነዚህ ድምፆች በሚለዩበት የድግግሞሽ ክልል ላይ ይደረባል፤ አንዴ ከተደረበም የሚለየው ማጣሪያ የለም።

ሦስት አማራጮች

የመጀመሪያው ከ48,000 ቅጂ ከየሦስቱ ናሙና አንዱን ብቻ ማስቀረት ነው። ይህ ምንም ማጣሪያ ስለሌለው መታጠፉን ሙሉ በሙሉ ይፈቅዳል።

ሁለተኛው በጎረቤት ናሙናዎች መካከል ቀጥታ መስመር በማስመር አዲሱን ዋጋ መገመት ነው። በ44,100 ቅጂ ላይ ይህ ስልት የ10,000 ሄርዝን ድምፅ የሚቀንሰው በ1.5 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥበቃው ከመጀመሪያው እምብዛም አይሻልም።

ሦስተኛው በመስኮት የተገደበ የሲንክ ማጣሪያ ነው። የካይዘር መስኮት ተመርጦ፣ እስከ 7,200 ሄርዝ ያለው እንዲያልፍና ከ8,000 ሄርዝ በላይ ያለው በ80 ዴሲቤል እንዲዳከም ቢፈለግ፣ ለ48,000 ቅጂ 300 ያህል ኮኢፊሸንቶች ይበቃሉ። ከ44,100 ወደ 16,000 የሚደረገው ለውጥ የ160 ለ441 ጥምርታ ስላለው ከባድ ይመስላል፤ ማጣሪያው ወደ 44,200 ኮኢፊሸንቶች ይፈልጋልና። በፖሊፌዝ አሠራር ግን እነዚህ በ160 ንዑስ ማጣሪያዎች ስለሚከፋፈሉ፣ ለአንድ ውጤት ናሙና የሚያስፈልገው ወደ 277 ማባዛት ብቻ ነው።

ከማጣሪያው ጋር የሚመጡ ገደቦች

ሲሜትሪ ያለው የ300 ኮኢፊሸንት ማጣሪያ በ48,000 ቅጂ ላይ 3 ሚሊሰከንድ ያህል መዘግየት ያመጣል። መዘግየቱ ካልተካካሰ የድምፅ ወሰን ምልክቶች ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። ቢካካስም ከፍንዳታው በፊት ደካማ ንዝረት ሊታይ ይችላል። እንደ ጠ እና ቀ ባሉ ፈንጂ ድምፆች ላይ የፍንዳታን ቅጽበት ለሚለካ ተመራማሪ ይህ አሳሳች ስለሆነ፣ ልኬቱ በዋናው ቅጂ ላይ ቢከናወን ይመረጣል። ማጣሪያው በጠባብ ክልል በፍጥነት እንዲቆርጥ በተደረገ ቁጥር ንዝረቱም ይረዝማል።

ፍጥነትን ከፍ ማድረግ

የስልክ ቅጂን ከ8,000 ወደ 16,000 ማሳደግ የጠፋውን አይመልስም፤ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለው ክልል ባዶ ሆኖ ይቀራል። የአንድ አካባቢ ተናጋሪዎች በስልክ፣ የሌላው በስቱዲዮ ከተቀረጹ፣ ዘዬን እንዲለይ የሠለጠነ ሞዴል በእውነቱ የሚለየው የመቅረጫውን ዓይነት ሊሆን ይችላል። የፈተናው ውጤት ከፍ ቢልም ስለ ዘዬ የሚነግረን ነገር አይኖርም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሁሉንም ቅጂዎች ወደ 8,000 ማውረድ የተሻለ ነው።

ማጠቃለያ

ለንግግር ማወቂያ ሥራ የፖሊፌዝ ሲንክ ስልት ተመራጭ ነው። የተመረጠው መሣሪያ ከሥራው በፊት በ10,000 ሄርዝ ድምፅ ሊፈተን ይገባል፤ በውጤቱ ውስጥ በ6,000 ሄርዝ ላይ የሚታየው ቅሪት የጥበቃውን መጠን ይናገራል። ለሥልጠናና ለፈተና አንድ ስልት መጠቀም፣ የማጣሪያውን ወሰንና የማዳከም መጠን በዘገባው ማስፈር እንዲሁም ዋናውን ቅጂ በመጀመሪያ ፍጥነቱ ማቆየት ያስፈልጋል። የተቀረጸ ሀብቱ ጥቂት ለሆነ ቋንቋ፣ ዋናው ቅጂ ከጠፋ ምትኩን ማግኘት ቀላል አይደለም።