የመርሳት ስሌት፦ ለሕክምና ፈቃድ ፈተና የጥናት ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ቀድሞ የፊዚክስ ተማሪያችን የነበረ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ቢሯችን ብቅ ብሎ ነበር። በእጁ በጥንቃቄ የተሰመረ የ84 ቀን የጥናት ዕቅድ ይዟል። የሚዘጋጀው ዩኤስኤምኤልኢ በሚል ምኅጻረ ቃል ለሚታወቀው የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና፣ በተለይም «ስቴፕ 1» ለሚባለው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ዕቅዱ ቀላል ነበር። የሚጠናውን ሁሉ ለ84 ቀናት እኩል አካፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቀን ድርሻውን ሰጥቶታል። «መምህር፣ ስሌቱን እስኪ ይዩልኝ» አለን። ማካፈሉ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ከስሌቱ ውስጥ አንድ ዋና መጠን ጎድሎ አገኘነው። እርሱም መርሳት ነው።

ይህን ስሕተት ከራሳችን እናውቀዋለን። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን ስንጀምር ለማጣሪያው ፈተና የተዘጋጀነው በዚሁ መንገድ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ያጠናነው ክላሲካል ሜካኒክስ ከሦስት ወር በኋላ በፈተናው ወረቀት ላይ ሲገጥመን ርዕሱን እንጂ አፈታቱን ልናስታውስ አልቻልንም። ፈተናውንም ወደቅን። ያተረፈን ሁለተኛ ዕድል መኖሩ ብቻ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጥናት ዕቅድን እንደ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ አድርገን ለመመርመር እንሞክራለን።

ፈተናው ምን ይጠይቃል?

ስቴፕ 1 በአንድ ቀን፣ በኮምፒዩተር የሚሰጥ የ8 ሰዓት ፈተና ነው። የጥያቄዎቹ ብዛት እስከ 280 ይደርሳል። ለመግቢያ ማብራሪያና ለእረፍት የሚውለው 1 ሰዓት ሲቀነስ 420 ደቂቃ ይቀራል። ይህን ለ280 ብናካፍል ለአንድ ጥያቄ 90 ሰከንድ ይደርሰዋል። በዚህ አጭር ጊዜ ተፈታኙ የአንድ ሕመምተኛን ታሪክ ያነባል፣ የምርመራ ውጤቶችን ይመዝናል፣ ከዚያም አንዱን መልስ ይመርጣል። «ይህን የሆነ ቦታ አንብቤው ነበር» ብሎ ለማሰላሰል ጊዜ የለም።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ጀምሮ የዚህ ክፍል ውጤት በቁጥር መገለጹ ቀርቶ ማለፍ ወይም አለማለፍ ብቻ ሆኗል። ለአንድ ክፍል ከ4 ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም። ከአሜሪካ ውጭ ተመርቆ በዚያ አገር ወደ ሬዚደንሲ ሥልጠና ለመግባት የሚሻ ሐኪም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመረቀውን ጨምሮ፣ ይህን ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በአገራችንም የጤና ሚኒስቴር ለተመራቂዎች የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና ስለሚሰጥ፣ ከዚህ በታች የምንለው አሜሪካ ለማይሄደውም ይጠቅማል።

መርሳት ግማሽ ዕድሜ አለውን?

በፊዚክስ ትምህርታችሁ ስለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ተምራችኋል። ለምሳሌ ለእንቅርት ዕጢ ሕክምና የሚያገለግለው አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ያህል ነው። በ8 ቀን ግማሹ፣ በ16 ቀን ሩቡ፣ በ24 ቀን ስምንተኛው እጅ ይቀራል። የሰው ትውስታስ በዚህ ሕግ ይመራ ይሆን?

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን የልኬት መልስ የሰጠው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በዝርዝር እየጻፈ ራሱ ይሸመድዳቸው ነበር። ከቆይታ በኋላ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ሲሸመድድ ከመጀመሪያው ድካሙ ስንቱ እንደ ተረፈለት በመቶኛ አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው እንደ ተገለጸው፣ ከ1 ሰዓት በኋላ የተረፈለት 44 በመቶ፣ ከ1 ቀን በኋላ 34 በመቶ፣ ከ6 ቀን በኋላ 25 በመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ያህል ነበር።

እስኪ እነዚህን ቁጥሮች በአዮዲኑ ሕግ እንፈትናቸው። በ1 ሰዓት 44 በመቶ የሚቀር ከሆነ ግማሽ ዕድሜው 51 ደቂቃ ያህል ይሆናል። በዚህ ስሌት ከ24 ሰዓት በኋላ የሚቀረው ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ኤቢንግሃውስ ግን በ24ኛው ሰዓት 34 በመቶ አገኘ። እንግዲህ ትውስታ አንድ ቋሚ ግማሽ ዕድሜ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈው ቀስ እያለ ይቀንሳል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ክለሳ መጀመር ያለበት በማግስቱ ነው። ሁለተኛ፣ ቀጣዮቹ ክለሳዎች እየተራራቁ ሊሄዱ ይችላሉ። ኤቢንግሃውስ ራሱ አንድን ዝርዝር በአንድ ቀን 68 ጊዜ መደጋገም ያስገኘለትን ጥቅም፣ በሦስት ቀናት ተከፋፍሎ በተደረገ 38 ጊዜ መደጋገም አግኝቶታል። የድካሙ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ማንበብ ወይስ ራስን መጠየቅ?

ክለሳ ሲባል ብዙዎቻችን መጽሐፉን ከፍተን የተሰመረበትን መስመር እንደገና እናነባለን። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህን ልማድ ፈትነውታል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለቴ ያነበቡት 81፣ ራሳቸውን የፈተኑት 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ሁለቴ ያነበቡት ወደ 42 ሲወርዱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ላይ ተገኙ።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ደጋግሞ ማንበብ ለጊዜው የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ተማሪውም በዚያ ስሜት ይታለላል። ለምሳሌ ያህል የደም ሥር ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከራዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር እንደሚመጣጠን የሚናገረውን የፖይዘይ ሕግ እንውሰድ። ያነበበው ሁሉ «አውቀዋለሁ» ይላል። መጽሐፉን ዘግተን «ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የደም ሥሩ ራዲየስ በግማሽ ቢጠብ ፍሰቱ ስንት ይሆናል?» ብንለው ግን «ግማሽ» ብሎ የሚመልስ አይጠፋም። ትክክለኛው መልስ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ጉድለቱን ያወጣው ጥያቄው ነው፤ ንባቡ ሸፍኖት ነበር።

ይህ ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚማር ልጅ የተነገረውን ለየኔታ በቃሉ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

ዕቅዱን እንደገና እንሥራ

አሁን ወደ ወጣቱ ሐኪም 84 ቀናት እንመለስ። እያንዳንዱ አዲስ ርዕስ ከተጠና በኋላ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን መጽሐፍ ተዘግቶ ይከለስ እንበል። እነዚህ ቀናት የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም፤ ለስሌት የመረጥናቸው ናቸው። በቀን አንድ አዲስ ርዕስ ከተጨመረ፣ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ አንድ አዲስ ርዕስና አራት ክለሳዎች ይኖራሉ። ይህም የሚገባበትና የሚወጣበት ውሃ እኩል እንደሆነበት ታንከር ነው፤ መጠኑ ከዚያ በላይ አይጨምርም።

አዲሱ ርዕስ 3 ሰዓት፣ እያንዳንዱ ክለሳ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ 5 ሰዓት ይሆናል። 40 የልምምድ ጥያቄዎች በ90 ሰከንድ ስሌት 1 ሰዓት፣ ስሕተትን ለመመርመር ሌላ 1 ሰዓት ሲታከል ድምሩ 7 ሰዓት ነው። ይህ ለአንድ ሰው የሚቻል ሸክም ነው። በቀን ሁለት አዲስ ርዕስ ቢያዝ ግን 12 ሰዓት ይደርሳል፤ ይህን ሳምንታት ተሸክሞ የሚዘልቅ ጥቂት ነው።

ልብ በሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ክለሳው ገና ጥቂት ስለሆነ ዕቅዱ የላላ ይመስላል። ብዙ ተማሪ በዚህ ተታልሎ ርዕስ ይጨምራል፤ ሸክሙም በአራተኛው ሳምንት ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ስለዚህ የትርፉን ጊዜ በልምምድ ጥያቄ እንጂ በአዲስ ርዕስ አትሙሉት።

የመጨረሻው አዲስ ርዕስ የ21ኛ ቀን ክለሳውን ከፈተናው በፊት ማግኘት ይኖርበታል። በመሆኑም አዲስ ትምህርት በ8ኛው ሳምንት ይቆማል። በሳምንት 6 ቀን ከተሠራ 48 ርዕሶች ይጠናሉ፤ ሰባተኛው ቀን ለእረፍትና ለተጓደለ ክለሳ ነው። የቀሩት 4 ሳምንታት ለክለሳና፣ ሰዓት ይዞ ከጧት እስከ ማታ ሙሉ ፈተናን ለመለማመድ ይውላሉ። 8 ሰዓት መቀመጥ ራሱ ልምምድ ይጠይቃልና። እንቅልፍንም ከዕቅዱ አትቁረጡ፤ የቀኑ ትምህርት በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው።

ወጣቱ ሐኪም ስሌቱን ተከታትሎ ሲጨርስ ዝም አለ። ቀጥሎም 84 የነበሩትን ርዕሶች ወደ 48 ለማውረድ የትኞቹ እንደሚጣመሩ፣ የትኞቹ እንደሚታለፉ መምረጥ ጀመረ። ከሁሉ ያስቸገረው ይህ ነበር፤ የሚታለፈውን መወሰን ከማጥናቱ ይከብዳልና። ሆኖም 84 ርዕስ አንብቦ ግማሹን ረስቶ ከመቅረብ፣ 48ቱን በእጅ ይዞ መቅረብ ይሻላል። ከፈተናው በኋላ በአልጋው አጠገብ ለሚቆምለት ሕመምተኛም የሚጠቅመው በዚያ ሰዓት ከሐኪሙ አእምሮ የሚገኘው ዕውቀት ነው።

አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠረጥረው የሚገባው የራሱን ትውስታ ነው። የነገ ዕቅዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ባለፈው ሳምንት ካጠናችሁት አንዱን ርዕስ ምረጡ፤ መጽሐፉን ዝጉ፤ የምታስታውሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ዕቅዳችሁ መነሣት ያለበት ከዚያ ወረቀት ነው።